«ታይኒ ሀውስ» መዝገበ ቃላት ይግባ አይግባ ብዬ እንዴት ወሰንኩ

ዊክሽነሪ ላይ፣ ማለትም ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ፣ በትርፍ ሰዓቴ አግዛለሁ፣ እና አንዴ «ታይኒ ሀውስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚል ክርክር ላይ ገባሁ። መጀመሪያ ሳላቅማማ ይውጣ ነው ያልኩት። ታይኒ በጣም ትንሽ፣ ሀውስ ቤት፣ አለቀ። ሆደ ሰፊ ሲባል የሚወራው ስለ ትዕግስት እንጂ ስለ ሆድ ስላልሆነ የግድ መፈታት አለበት፣ ይሄኛው ግን ምኑ ይፈታል ብዬ።

ሀሳቤን ያስቀየረኝ ሰዎች ቃሉን የማይጠቀሙበትን ቦታ ማየቴ ነው። አንዲት ያረጀች ጠባብ ቤት በጣም ትንሽ ናት፣ ግን ታይኒ ሀውስ የሚላት የለም፣ ቃሉ የሚነገረው ሆን ተብሎ አንሶ ለተሰራ፣ መኝታው ቆጥ ላይ የሆነ፣ ኩሽናና መታጠቢያው እዛው የተጠጋጋ፣ ብዙ ጊዜም ጎማ ላይ ላለ ቤት ነው። ስለዚ ትርጉሙ ከሁለቱ ቃላት ድምር ይጠባል ማለት ነው። ዊክሽነሪ ላይ ይሄን የፍራይድ ኤግ (ቃል በቃል የተጠበሰ እንቁላል) ፈተና ይሉታል፣ ተመትቶ የተጠበሰ እንቁላል ፍራይድ ኤግ ስለማይባል።

የምር አድካሚው ማስረጃ ፍለጋው ነው። ቃሉ በዛ ትርጉም የገባበት ቢያንስ 3 ጥቅስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ቢያንስ 1 አመት የሚሸፍን። ጥቅስ ሞልቷል፣ ግን ብዙው «ትንሽዬ ቤት» ለማለት ብቻ የተጻፈ ስለሆነ ለክርክሩ አይጠቅምም፣ እያንዳንዱን ዙሪያውን አንብቤ መጣል ነበረብኝ። እዚህ ጋ መቸኮል ያሳስታል፣ እኔም ሁለቱን አስገብቼ በኋላ አውጥቻለሁ።

ፍቺው ላይም ተሳስቼ ነበር። የ2018ቱ ኢንተርናሽናል ሬዚደንሻል ኮድ የሚባለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ታይኒ ሀውስን ቆጡን ሳይጨምር 400 ስኩዌር ፊት (37 ካሬ ሜትር ገደማ) ወይም ከዛ በታች ይለዋል፣ እኔም ቁጥሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ግን ያ የግንባታ ደንብ ነው፣ ሰው ሲያወራ ሜትር ይዞ አይለካም፣ 40 ካሬ የሆነውንም እንደዛው ይጠሩታል፣ ስለዚ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚል ጨመርኩና ድምፄን ወደ ይቆይ ቀየርኩ።

አሁን ድምፅ ከመስጠቴ በፊት በቃል በቃሉ የሚገጥሙ ግን ማንም በዛ ስም የማይጠራቸው ነገሮች አሉ ወይ ብዬ እጽፋለሁ። «ስሞል ሀውስ» (ትንሽ ቤት) ላይ ሞከርኩት፣ አንድም አላገኘሁም፣ እሱ ይውጣ ብያለሁ።