ውኃው በበሩ አልገባም

ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ለመምጣት የከተማዋ ሰማይ መጥቆር የለበትም። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በደቡብ በኩል ያሉት ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ዝናቡ እዚያ ይጥላል፣ ቁልቁለቱ ያንደረድረዋል። ታች፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መካከል፣ የደቻቱ ወንዝ ገና ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይመላለስበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የወረደው ጎርፍ ሰውን በእንቅልፉ አግኝቶ ከ250 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ አቅራቢያ መጋዘን ወይም ጋራዥ ያለው ሁሉ በበልግም በክረምትም ጆሮው ወደ ደንገጎ፣ በሐረር መንገድ ወዳለው ተራራ ነው።

ከደቻቱ ብዙም በማይርቅ አንድ የምግብ ሸቀጥ መጋዘን ውስጥ የሆነው የሚያዝያ ወር ነገር ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘበኛው ወደ ንብረት ክፍሏ ልጅ መጣ።

«ላይ ከባድ ጥሏል። ከሐረር የወረደው አይሱዙ ደንገጎ ላይ ቆሞ ነበር አሉ፤ መጥረጊያው አልቻለም።»

«አባባ፣ እዚህ እኮ ጠብ አላለም።»

«እዚህማ መች ጠብ ይላል አቦ! ጎማውን ሄደሽ እዪው፣ ጭቃው አልደረቀም።»

ልጅቷ ጎማውን አየችና አመነች። ትክክል ነበረች፤ ከላይ የሚመጣ ሹፌር ለዚህ ከተማ ከሰማዩ ቀለም ይልቅ የሚታመን ምልክት ነው። ሁለት ጫኝና አውራጆች ሃያ ያህል ማዳበሪያ አሸዋ ሞልተው በሩ ላይ ደረደሩ። ችግሩ እስከ አፉ ሞልተው ጥፍር አድርገው ማሰራቸው ነበር። እንዲህ የታሰረ ማዳበሪያ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፤ ከጎኑ ካለው ጋር አይጋጠምም፣ ውኃው በየክፍተቱ ይሾልካል። ማዳበሪያ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው የሚሞላው። አፉ ሳይታሰር ወደ ሥር ይታጠፋል፣ የታጠፈው ጎን ውኃው ወደሚመጣበት ይዞራል፣ ሁለተኛው ረድፍ እንደ ጡብ የታችኛውን መገጣጠሚያ ደፍኖ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ረድፍ በእግር ይረገጣል። ከሥርና ከፊት ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። ይህን ዘበኛው ያውቅ ስለነበር ግማሹን አስፈትቶ እንደገና አስደረደረ። ጎርፉ ሲደርስ በሩ ያዘ። ውጭ ግማሽ ሜትር ቆሞ፣ በበሩ በኩል የሚገባው በመጥረጊያ የሚመለስ ነበር።

ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሳለ ከኋላ ያሉት የሩዝ ጆንያዎች ሥር ማብረቅረቅ ጀመረ። ውኃው በሽንት ቤቱ ፍሎር ድሬን፣ ማለትም በወለሉ የውኃ ማፍሰሻ፣ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ ቁርጭምጭሚት ደርሷል።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይዘነጋል። የወለሉ ቱቦ ውጭ ካለው ሴፕቲክ ታንክ ጋር የተገናኘ ነው። ታንኩ በጎርፍ ሲዋጥ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ይመጣል፤ ውስጡና ውጭው እኩል እስኪሆኑ አያርፍም። ግፊቱን ማስላት ይቻላል። ግማሽ ሜትር ውኃ 2.5 ሜትር ስፋት ያለውን በር በ300 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ያንኑ ያህል ውኃ በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አፍ ላይ የሚገፋው ግን 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሦስት መቶውን የተቋቋመ መጋዘን በአምስቷ ተሸነፈ፤ ላስቲክ ተነጥፎበት አንድ ማዳበሪያ አሸዋ ቢጫንበት ይበቃ ነበር።

ከዚያም የተሻለ መላ አለ። ከቱቦው ጋር የሚገጥም አንድ ሜትር ቁራጭ የፒቪሲ ቱቦ ከነማሸጊያ ጎማው ፍሎር ድሬኑ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከል ነው፤ ውኃው ቁራጩ ውስጥ እስከ ውጭው ከፍታ ይወጣና ይቆማል፣ ወለሉን አይነካም። ጎማው ከሌለ ግን በመጋጠሚያው ያፈሳል። ለቱርክ መቀመጫ በላስቲክ የተጠቀለለ አሸዋ አፉ ላይ ይጫናል። ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ክዳን (ቼክ ቫልቭ) ማስገባትም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አሸዋና ፌስታል ክዳኑን ከፍቶ ስለሚይዘው ከበልግ በፊትና ከሐምሌ በፊት ተከፍቶ ካልተጠረገ አለ ብሎ መተማመን አደገኛ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሊሆን የነበረው ቀጥሎ ነው። የኤሌክትሪክ ሚዛኑ ዲቫይደር ወለል ላይ ነበር። አንዱ ወጣት ሊያነሳው ውኃው ውስጥ ሲገባ ዘበኛው ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ብሬከሩ የሚወርደው ወለሉ ደረቅ ሳለ፣ ማዳበሪያ መሙላት ከመጀመሩም በፊት ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር መንካት አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ መውጣት ብቻ ነው። ውጭ ያለው ውኃ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካለፈም እንዲሁ፦ የብሎኬት ግድግዳና አጥር ለጎን ግፊት አልተሠራም፤ በሩን ትቶ ሰውን ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት ይቀድማል። በእግር ለመሻገር መሞከርም የለም፤ የሚሮጥ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንኳ አዋቂ ሰው ይጥላል።

በማግስቱ ባለቤቱ የራሰውን ሩዝ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣ ፈለገ። ጉዳቱ ያማል፣ ይገባል፤ ነገር ግን የገባው የሽንት ቤት ውኃ ነው፤ የነካውን እህልና ስኳር ፀሐይ አያነጻውም። ታችኛው ረድፍ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱን የሳበው ሁለተኛው ረድፍም ተጣለ። ጆንያዎቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ፈንታ በእንጨት ርብራብ (ፓሌት) ላይ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ሰዓት ውኃ ከሥራቸው ያልፍ ነበር።

ጭቃው ሳይደርቅ መውጣት አለበት፤ የጎርፍ ደለል ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከኋላ ወደ በር እየተገፋ ይወጣል፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና ከ49 እጅ ውኃ ጋር ተደባልቆ ይረጫል። በጭቃ ላይ የፈሰሰ በረኪና ብክነት ነው፤ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርሰዋል። ጎርፍ የገባበት መሬት ላይ ያለ ሮቶ ታጥቦ ይሞላና ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ከዚያው በረኪና ተጨምሮ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ቆይቶ ይደፋል፤ የሚጠጣው ውኃ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። የራሰ ብሬከርና ሶኬት ቢደርቅም ይቀየራል። ሞተር ግን በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ አለማሳለፉ ሜገር በሚባለው መለኪያ ተለክቶ ከዳነ ይመለሳል።

አሁን ያ መጋዘን ውስጥ ሽንት ቤቱ በር ጎን፣ ሚስማር ላይ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ሜትር ቱቦ ተሰቅሏል። ዘበኛውም ከሐረር ለሚወርዱት ሹፌሮች ሻይ ይጋብዛል፤ ጎማቸውን እያየ።