ስቲኳን ከእናቴ ቴሌቪዥን ጋር ማላመድ፦ ከደብረ ብርሃን እስካሁን የደረስኩበት

ቴሌቪዥን ላይ ተሰክታ ከኢንተርኔት ቪዲዮ የምታመጣውን ትንሿን ስቲክ ገዝታችሁ፣ «ይቆራረጣል፣ ራሱን ያጠፋል» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ ለከተታችኋት ነው የምጽፈው። እኔ የማለማምዳት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነው። እስካሁን ካየሁት ተነስቼ የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዋ ላይ አይደለም። ኃይል ከየት እንደምታገኝ፣ ዋይፋዩ በምን አልፎ እንደሚደርሳት፣ የቪዲዮው ጥራት ስንት ላይ እንደተቀመጠ ቀድማችሁ እዩ።

ከኃይሉ ልጀምር። ስቲኳ ኤችዲኤምአይ በሚባለው የቴሌቪዥኑ የምስልና የድምፅ ማስገቢያ ላይ ስለተሰካች ብቻ አትሠራም። ኤችዲኤምአይ የሚሰጠው 5 ቮልት በጣም ደካማ ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን እንዲያወጣ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መጠን 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዩኤስቢ ገመድ አብሮ የሚመጣው። ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ዩኤስቢ ላይ መሰካት ይቀላል፤ ነገር ግን የብዙ ቴሌቪዥን ዩኤስቢ 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው። ባለ ሪሞቱ ክሮምካስት (የጉግል ስቲክ) ደግሞ 7.5 ዋት ቻርጀር ይፈልጋል። እኛ ቤት ምልክቱ ግልጽ ነበር፦ አርማው ይመጣል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ጥራቱን ከፍ ሊያደርግ ሲል ስክሪኑ ይጠቁርና እንደገና ከአርማው ይጀምራል። በራሷ ቻርጀር ግድግዳው ሶኬት ላይ ስትሰካ ይሄ ቀረ። ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ እስክትነሳ መጠበቁም አብሮ ቀረ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ወዲያው አልሰካትም። ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ትንሽ እጠብቃለሁ። ራውተሩም እንደዚያው።

ብዙ ያለፋኝ ግድግዳው ነው። የእናቴ ቤት እንደ ብዙዎቹ የከተማችን የድሮ ቤቶች በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ለብርዱ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ለዋይፋይ ግን ከባድ ነው። የሲም ራውተሩ የሞባይል ኔትወርክ የሚያገኘው መኝታ ቤት መስኮት ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ያለው ደግሞ ሳሎን፣ ከድንጋዩ ወዲህ። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚል ሁለት የዋይፋይ ስም ያወጣል። 5ቱ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደክማል። መኝታ ቤት ውስጥ ሲበር የነበረው ሳሎን ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። 2.4ቱ ዝግ ይላል እንጂ ድንጋዩን ያልፋል። ስለዚህ ስቲኳን ከ2.4ቱ ጋር ብቻ አገናኝቼ፣ 5ቱን ስሙን እንድትረሳው አደረግኩ፤ አለዚያ ራሷ እየዘለለች ወደ እሱ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ነገር አቀማመጧ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከግድግዳው መካከል ስትወሸቅ የቴሌቪዥኑ ብረት ራሱ ይጋርዳታል፤ በዚያ ላይ ትግላለች። ዕቃው ሳጥን ውስጥ ስንቶቻችን ዞር ብለን የማናያት አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ትኖራለች። በእሷ ቀጥዬ ስቲኳን ከቴሌቪዥኑ ጎን ወጣ አደረግኳት። በሴቲንግ ውስጥ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት ከአንድ መስመር ወደ ሦስት ከፍ አለ። ማራዘሚያዋን አትጣሏት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ካስት፣ ማለትም ከስልክ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለማጫወት ነው። ከስልካችሁ ዩቲዩብ ላይ ካስት ስትሉ ቪዲዮው ከስልኩ እየፈሰሰ ወደ ቴሌቪዥኑ አይሄድም። ስልኩ አዛዥ ብቻ ነው፤ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የምታመጣው ራሷ ስቲኳ ናት። ስለዚህ ስልክ መቀየር መቆራረጡን አያድንም፤ ስልኩን ቆልፋችሁ ብታስቀምጡትም፣ ቢደወልላችሁም ቪዲዮው አይቆምም። የስልኩን ስክሪን እንዳለ ማንጸባረቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስልኩን ያደክማል፣ ባትሪም ይበላል። በስልካችሁ ያለ የራሳችሁን ቪዲዮ ለማሳየት ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ ይበቃል። የእህቴን ሠርግ በዚህ መንገድ ነው ያሳየሁት፤ ፋይሉ ከስልክ ወደ ስቲክ በቤት ዋይፋይ ብቻ ስለሚያልፍ ከፓኬጁ ላይ ምንም አልተቆረጠም። ኤምፒ4 ከሆነ ያለችግር ይሄዳል፤ የድሮ ፎርማት ከሆነ ስልኩ እየቀየረ ስለሚልክ ይግላል።

ወደ ዳታ ስመጣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በ1080 ጥራት (ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ይጠራል) ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይፈለጋል፤ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ማለት ነው። 480 ላይ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብንል በሰዓት ወደ 450 ሜጋባይት ይወርዳል። የአንዱ ሰዓት ወጪ አምስት ሰዓት ያሳያል። የእናቴ ቴሌቪዥን 32 ኢንች ነው፤ የብዙዎቹ 32 ኢንች ስክሪን 1366 በ768 ስለሆነ ከ720 በላይ መጫን ፓኬጅ ማባከን ነው። መዝሙርና ስብከት በ480፣ ኳስ በ720 እናያለን። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ደግሞ ሁሉንም ወደ 480 አወርዳለሁ። እናቴ «ልጄ፣ ያቺ የምትሽከረከር ክብ ዛሬ አልመጣችም» ስትለኝ ደስታዬ ልክ የለውም።

ለእናቴ ትልቁ ለውጥ ግን የሪሞቱ ነገር ነው። ሁለት ሪሞት ያምታታታል። ቴሌቪዥናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚባለውን ፈልጉ፤ ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ ይባላል። እሱ ከበራ ስቲኳ ስትነሳ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይነሳል፣ እናቴም በለመደችው የቴሌቪዥን ሪሞት ወደላይ ወደታች ማለት ትችላለች። አሁን የቅዳሴውን ቀጥታ ስርጭት ራሷ ከፍታ ነው የምታስቀድሰው።

ያገለገለ ልትገዙ ካሰባችሁ ትውልዱን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ክሮምካስት 5 ጊጋኸርዝ አይዝም፣ ማሻሻያም አይለቀቅለትም። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ክሮምካስት ማምረት ማቆሙን አስታውቋል። ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ወደ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚቀይር መለወጫ አለ፤ ኃይል የሚሰካበት መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራ ገመድ አይሠራም።

ቀጥሎ ያሰብኩት ስቲኳን መንዝ፣ አያቴ ቤት ይዤ ልወጣ ነው። እዚያ ራውተር ስለሌለ በስልክ ሆትስፖት ነው የምሞክረው። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ያላችሁ፣ ማታ ማታ የሞባይል ኔትወርኩ 480 ይይዛል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።