ከጥቅምት የተረፈ ዕዳ

ዛሬ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደሴን እንደዋጣት ዋለ። እንዲህ ሲሆን ያለ ምክንያት ሆዴ ይባባል። ማታ ለቡና ስኳር ልገዛ ሐጂ ሱቅ ወረድኩ። ብር አልያዝኩም ነበርና “ይጻፉብኝ” አልኳቸው። ጥጋጥጓ በዘይት የወዛ የዱቤ ደብተር አለቻቸው። እስክሪብቶዋ በክር ታስራ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የእኛን ገጽ ገለጡ። የድሮው ሁሉ ተሰርዟል። ግን ከስረዛው ሥር ይነበባል። ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ።

ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ቨርጂኒያ ያለችው ታላቄ ፎቶ ልካለች። ግማሽ ክብ፣ መሀሉ ላይ ቁጥር። “688 ገባሁ!” ይላል። ባለፈው ወር 611 ነበረች።

እዚያ አሜሪካ ሰው በቁጥር ነው የሚታመነው፤ ክሬዲት ስኮር ይሉታል፣ ብድር የመክፈል ታማኝነት መለኪያ፣ ከ300 እስከ 850። ቤት ልከራይ፣ መኪና በብድር ልግዛ ካልክ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ፋይኮ በሚባለው ስሌት 35 በመቶው በጊዜው መክፈልህን ያያል። በዚህ በኩል እሷ አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም። ሌላው 30 በመቶ ግን ያለብህን ዕዳ ይመለከታል፤ በተለይ ከክሬዲት ካርድህ፣ ማለትም ባንክ በዱቤ ከሚሰጥህ ካርድ፣ የብድር ጣሪያ ምን ያህሉን እንደተጠቀምክ። ጠፍሮ የያዛት ይሄ ነበር። ሁለት ካርድ አላት። የአንዱ ጣሪያ 4,000 ዶላር፣ የሌላው 2,000። በትልቁ 3,300፣ በትንሹ 1,200 ዕዳ ነበረባት። ከ6,000ው 4,500፣ ማለትም 75 በመቶ። ከ30 በመቶ በታች ቢሆን ይመከራል፤ ባነሰ መጠን ደግሞ ይሻላል።

ጓደኞቿ “ትንሽ ዕዳ ተይበት፣ ቁጥሩን ያሳድጋል” ይሏት ነበር። አያሳድግም። የሚያድገው ወለዱ ነው። እንኳን አልሰማቻቸው። የትልቁን ካርድ ዕዳ ጠቅልላ ከፈለችና 20 በመቶ ላይ ወረደች። ባንኩ አዲሱን ሒሳብ የሰውን ብድር ለሚመዘግቡት ድርጅቶች የሚልከው በወር አንዴ ስለሆነ ቁጥሩ እስኪነቃነቅ በየቀኑ ስልኳን ስትከፍት ከረመች።

ደወልኩላት። “አሁን ሒሳቡን ላዘጋው ነው፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም” አለችኝ። የእማዬ ልጅ አይደለች! ዕዳ ሲያልቅ መዝገቡም እንዲጠፋላት ትፈልጋለች። “እንዳታደርጊው” አልኳት። የ4,000ው ጣሪያ ከተነሳ የቀረው 1,200 ከ2,000 ላይ ሊሰላ ነው። 60 በመቶ! አንድ ዶላር ሳትበደር ቁጥሯ ሊወርድ ይችላል። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይተኛ እንጂ አይዘጋ።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ “ያው የጥቅምቱ ነበር እኮ” አለች፣ ቀለል አድርጋ።

የጥቅምቱ።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ደሴን ለቀን ደብረ ብርሃን ስንገባ የያዝነው አንድ ፌስታል ልብስ ነበር። የቤት ኪራዩ፣ ፍራሹ፣ የእማዬ መድኃኒት፣ ሁሉም ከእሷ መጣ። ከደሞዟ መስሎን ነበር። ለካ ከካርዷ ነው። ብዙ ባንኮች በካርድ የተላከን ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ያዩታል፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። እኛ ተመልሰን፣ ቤታችንን አድሰን፣ ቡና አፍልተን ስንቀመጥ እሷ ወለድ ስትከፍል ኖራለች። አንድ ቀንም አልነገረችን።

አባዬ ባረፈ ዓመት እማዬ አራት ወር ሳትከፍል ስትቀር ሐጂ ደብተሯን ከድነው “ይቆይ” ነው ያሏት። ዕዳው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፤ ለቅሶ ተቀምጠዋል። የእህቴ ቁጥር ግን ለምን ተበደርሽ ብሎ አይጠይቅም። አልፈርድበትም። እሷ እዚያ ባዳ ናት፤ ማንም የማያውቃትን ሴት አከራዩ በምን ይመናት?

ውስጤ የቀረው ሌላ ነው። ያዘገዩት ክፍያ 7 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። የካርድን ጣሪያ በዕዳ መሙላት ግን በብዛት በሚሠራበት ስሌት ዕዳው ሲወርድ አብሮ ይረሳል። ለእሷ ይሄ እፎይታ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ግን ከሐጂ ስረዛ ሥር “ሻማ” ይነበባል። ከእሷ ስረዛ ሥር የእማዬ መድኃኒት የት ይነበባል?

ቤት ስገባ አቦሉ ተቀድቷል። “ምን አለች?” አለች እማዬ። “ቁጥሯ ጨመረ” አልኳት። ፈተና ያለፈች መስሏት እልል አለች። ስለ 3,300ው ብነግራት ለሳምንት እንቅልፍ አይወስዳትም። ካልነገርኳት ደግሞ ልጇ የተሸከመችላትን ሳታውቅ ልትቀር ነው። ስኒውን አቀበለችኝ። ልንገራት?