የቅዳሜ ማታ ቤዚስት

ከሰኞ እስከ ዓርብ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ቅዳሜ ማታ፣ አንዳንዴም ዓርብና እሑድ፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የአበሻ ሬስቶራንት፣ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት፣ ከተጠራሁ እሄዳለሁ። የምጫወተው ከአንድ ባንድ ጋር ብቻ አይደለም። እዚህ እንደኔ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ መድረክ የሚወጡ ብዙ ናቸው። አንዱ ሳክስፎኒስታችን ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ኪቦርዲስቱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ድራመራችን ታክሲ ይነዳሉ፤ በዕድሜ ከሁላችን ስለሚበልጡ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል። "ቅዳሜ ነፃ ነህ?" ትባላለህ። በቃ፣ ባንድ ሆንን ማለት ነው።

በዚህ ከተማ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዋሊያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ለብዙ ዓመታት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ እያወጣ ይለማመዳል። በኋላ ዓለም ፈልጎ አገኘውና ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። እኛ ዓለም ፈልጎ ያገኘናል ብለን አይደለም የምንጫወተው። ግን ቀኑን ሙሉ መኪና እየተቀበልኩ ጣቶቼ ሳላውቀው ጠረጴዛ ላይ ሲሮጡ እሱ ትዝ ይለኛል፤ ደስም ይለኛል።

ቤዝ የጀመርኩት አዲስ አበባ በቀበሌ ኪነት ነው። ያኔ ሁሉም ዘፋኝ ወይም ጊታሪስት መሆን ነበር የሚፈልገው። እኔን የያዘኝ ግን ከሮሃ ባንድ ካሴቶች ሥር የሚመጣው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነበር። ዘፈኑን ሳይሆን የዘፈኑን ወለል ነበር የምሰማው። ሌላው ልቤ ውስጥ ያለ ሰው ሄኖክ ተመስገን ነው። እዚሁ ዲሲ አካባቢ ከአድማስ ባንድ ጋር የተጫወተ፣ ኋላም አገር ቤት ገብቶ ወጣቶችን ያስተማረ ቤዚስት ነው። በነዚህ ሰዎች ጆሮዬን አሠለጠንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። አንድ የሬስቶራንት ባለቤት፣ ደግ ሰው ነው፣ ለቅዳሜ ዋጋ ስንነጋገር እንዲህ አለኝ፤ "ወንድሜ፣ ኪቦርዲስቱ እኮ ቤዙንም ድራሙንም ከዚያው ያወጣዋል። ዘፋኙና እሱ ይበቁኛል። አንተን የምጨምርህ ለምንድን ነው?"

አልተቀየምኩትም። የቤት ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ክፍያ አውቃለሁ። ደግሞም ነገሩ ከሱ የጀመረ አይደለም። አገር ቤት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የማታውን ሙዚቃ አንገቱን ያዘው። ቀጥሎ ኪቦርዱ መጣና ብዙ ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ይሠራው ጀመር። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ስንት ካሴቶች ላይ ቤዙ የማሽን ነው። አንድ ሙሉ ትውልድ የሰው ጣት ያለበትን ቤዝ በደንብ ሳይሰማ አደገ። ባለቤቱ ልዩነቱ ባይታየው አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ግን አለ።

አንድ ቅዳሜ እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ሰርግ ላይ ነበርን። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሰዓቱ እንደ አበሻ ሰርግ ቆይቶ ሞቋል። ዘፋኙ ዞር ብሎ "ጂ ማይነር፣ ጎንደርኛ" አለኝና ገባን። ሁለተኛው አዝማች ላይ የሙሽራው አያት ከወንበራቸው ተነሡ። ለሰርጉ ብለው ከጎንደር የመጡ እናት ናቸው። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ሊይዙ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። መሀል ገቡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ጀመረ።

ዘፋኙ ዘፈኑን ሊጨርስ አንድ ስንኝ ቀርቶት ነበር። አየኝ፤ ጋሼን አየሁ። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ሳክስፎኑም ወረደ። ድራም፣ ቤዝና ጭብጨባ ብቻ ቀረ። እትዬ ዝቅ ሲሉ እኔም ድምፁን ዝቅ አደረግኩ። ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ሲሉ አንድ ኖታ ይዤ ጠበቅኳቸው። እንደገና ሲነሡ አብሬ ተነሣሁ። ሙሽራው እግራቸው ሥር ተንበረከከ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር። ዘፋኙ የቀረችውን ስንኝ ስማቸውን አስገብቶ ዘፈነላቸው።

ተቀድቶ የመጣ ቤዝ ይህን አያደርግም። በሦስት ደቂቃ ተኩል የሚያልቅ ከሆነ በሦስት ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ እሳቸው ገና መሀል ቆመው። ጎበዝ ኪቦርዲስት በግራ እጁ ሊከተላቸው ይችል ነበር ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚችሉ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ግራ እጁ ቤዝ፣ ቀኝ እጁ ዜማ፣ ዓይኑ ዘፋኙ ላይ የሆነ ሰው አያትየዋን በየትኛው ዓይኑ ይያት? የኔ ሥራ እሳቸውን ማየት ነው። ሌላ ሥራ የለኝም።

የኛ ሙዚቃ ደግሞ ለቤዝ ቀላል አይደለም። ሬጌና ብሉዝ የሚያሳምሩ ጎበዝ ልጆች መጥተው አምባሰል ቅኝት ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ። አምባሰልን ከዶ ብትነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚ የሚባል ነገር የለውም። እጁ የለመደ ቤዚስት ሳያስበው ያቺን ሚ ጣል ያደርጋታል። ያን ጊዜ ዘፋኟ ፊቷ ይለወጣል። ዜማው ከወሎ ወጥቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ቤዝ አምባሰል ላይ ብዙ መናገር የለበትም፤ ዶንና ሶልን ይዞ ዘፋኟን ማስቀደም ነው ያለበት። ችክችካው፣ ያ እስክስታ የሚወረድበት ምት፣ ደግሞ በስድስት ይቆጠራል። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገህ ብትይዘው ቁጥሩ ይገባሃል፣ መንከባለሉ ግን አይገባህም። መንከባለሉ ከሌለ ትከሻ አይነሣም። አንድ ሰርግ ላይ ከሱ ወደ ጉራጌኛ፣ ከዚያ በአምስት ወደሚቆጠረው ትግርኛ፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ትሄዳለህ፤ መሀል ላይ ማረፊያ የለም። ሙሽሮቹ ከሁለት ብሔር ከሆኑ የሁለቱም ዘመዶች ይቆጥሩሃል። ለነሱ ስንት ዘፈን፣ ለኛ ስንት ዘፈን ተባለ ይባላል። ይህን ሁሉ አገር በአራት ክር ላይ መያዝ ለኔ ክብር ነው።

ልምምዱ ብዙውን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ጓደኛችን ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። የኔ ቤት አፓርትመንት ስለሆነ በሔድፎን ብቻ ነው የምለማመደው። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚመታው። እንዲህ የወረደ ድምፅ በግድግዳ ያልፋል፤ ዘፈኑ ሳይሰማ ቤዙ ብቻ ጎረቤት ቤት ይገባል። ልጅ አስተኝቶ ያረፈ ሰው ላይ ይህን ማድረግ አይገባም።

የሥራችን አቆጣጠር የአበሻ ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55ቱን ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ ስልኩ ዝም ይላል። ክር የምለውጠው፣ አምፑን የማስጠግነው፣ አዲስ ዘፈን የማጠናው ያኔ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ ስልኩ ይነሣል፤ ከዚያ እስከ ክረምቱ መጨረሻ እረፍት የለም። መሀል ላይ በየዓመቱ ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን አካባቢ፣ የኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው ማለቴ ነው። ቀን ኳስ፣ ማታ ሙዚቃ ነው። ሙዚቀኛው ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ የዓመቱ ወሬ እዚያ ይወራል።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፣ ቤንዚንና ፓርኪንግ ተቀንሶ የሚተርፈው ቤት አያቆምም። ዲሲ ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ ቡና ቤት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሸጣል። ከዚያ ዕቃ መሸከም አለ። ቤት ስገባ ሊነጋ ነው። ባለቤቴ ሰኞ ማለዳ ዓይኔን እያየች "ምን አስገደደህ?" ትለኛለች። ግን ያው ቅዳሜ ሲመጣ ሸሚዙን የምትተኩስልኝ እሷ ናት።

ከአንድ ዓመት ወዲህ አንድ እዚህ የተወለደ ልጅ እያስተማርኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ጃዝ ባንድ ውስጥ ይጫወታል። ኖታ ከኔ ይበልጥ ያነባል። አባቱ ነው ያመጣው፤ "ወንድሜ፣ የኛን አሳየው" ብሎ። ችክችካው ለረጅም ጊዜ አልገባለት አለ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ጣቱ ንጹሕ ነው፣ ግን ደርቋል። አንድ ሐሙስ ድራመራችን ዱላቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ ጊታሩን አውልቅ። መጀመሪያ ትከሻህን አሳየኝ" አሉት። ልጁ አፈረ። ሳክስፎኒስቱ ተነሥቶ ከፊቱ ቆመ፤ ሁላችንም ማጨብጨብ ጀመርን። ቤዝመንቱ ውስጥ እስክስታ ሲማር አመሸ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤዙን ሲይዝ መንከባለሉ መጥቶለታል። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ፈገግ ብለው ምቱን ጠበቅ አደረጉለት።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ላይ ሁለተኛውን ዙር እሱ ይጫወታል፤ ተስማምተናል። እኔ ወርጄ ከሳውንድ ሠራተኛው አጠገብ እቆማለሁ። ይህን ባንድ እስካሁን ከፊት ለፊት ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ያንን የሬስቶራንት ባለቤትም ጠርቼዋለሁ፤ እመጣለሁ ብሎኛል።