የጀበናዋ ነገር

ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ስጽፍ 14 ዓመት ሆነኝ። ጅማ ዝናብ አይጠፋም፤ ወረቀቶቼ ሁሌም በፌስታል ተጠቅልለው ነው የሚውሉት።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ቡና እያፈሉ ይሸጣሉ። ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው በእጅ እልፊት፣ ማለትም ጉዳት ሳያደርሱ ሰው ላይ እጅ በማንሳት፣ ተከሰው ነበር፤ ክሱ ደንብ መተላለፍ የሚባለው ትንሹ የጥፋት ዓይነት ነው። ጉዳዩ ተጀምሮ ያለቀው በአንድ ረፋድ ነው። 200 ብር ተቀጡ። «ልጄ፣ ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም። ያልኩትን አልጻፉልኝም» አሉኝ።

የመዝገቡን ግልባጭ አስወጥተን አነበብኩላቸው። መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ነው። እሳቸው የሚናገሩት አማርኛ ስለሆነ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ነበራቸው። የሰጡት ቃል አንዲት መስመር ሆና ተቀምጣለች፦ ተከሳሽ ድርጊቱን መፈጸማቸውን አምነዋል። ከዚያ ጥፋተኛ፣ ከዚያ ቅጣት።

«እርስዎ ምን ነበር ያሉት?» አልኳቸው።

«ገፍቻታለሁ አልኩ። የፈላ ጀበና አንስታ ልትደፋብኝ ስትል ነው የገፋኋት አልኩ።»

መግፋታቸው ተጽፏል፤ ጀበናዋ የለችም። አንድ ሰው ራሱን ሲከላከል መግፋቱና ዝም ብሎ ሰው መግፋቱ ደግሞ በሕግ ፊት ሰማይና ምድር ናቸው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በደንብ መተላለፍ የተከሰሰ ሰው አጠር ባለ ሥርዓት እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው፤ ቡና ሻጭ ለትንሽ ነገር ወር ሙሉ መመላለስ የለባትም። ግን አጭር ሲባል መዝገቡ ይራቆት ማለት አይደለም። ተከሳሽ የሚመልሰው በተቻለ መጠን በራሱ አነጋገር መጻፍ አለበት። አምኗል ተብሎ ጥፋተኛ የሚባለውም በቁጥር 134 መሠረት ክሱን ሙሉ በሙሉ፣ ያለ «ግን» ሲያምን ነው። የእኚህ እናት ቃል ውስጥ «ግን» ነበረበት።

ዳኛውን ክፉ ናቸው አልልም። ጠረጴዛቸው ላይ የሚቆለለውን ፋይል በየቀኑ አያለሁ። አስተርጓሚው አሳጥሮት ይሆናል፣ ጸሐፊው ዘሎት ይሆናል። ብቻ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሴትየዋ ስትናገር አልሰማም። በእጁ ያለው ወረቀቱ ነው።

ደግነቱ ጊዜው አላለፈም። የይግባኝ ማስታወቂያ፣ ይግባኝ እላለሁ የሚለው ወረቀት፣ በ15 ቀን ውስጥ ነው የሚገባው፤ የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው። የፍርዱ ግልባጭ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ምክንያቱን ለሚዘረዝረው የይግባኝ ማመልከቻ 30 ቀን አለ። ለፖሊስ የሰጡትን ቃል ፈልጌ ሳነብ ጀበናዋ እዚያ ቁጭ ብላለች! ይግባኙን በጀበናዋ ላይ መሥርቼ ጻፍኩት። መዝገቡ ወደ መጀመሪያው ችሎት ተመለሰ፤ ቃላቸውን እንደገና እንዲሰጡ ታዘዘ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝን ሁሉ «ከችሎት ከመውጣትህ በፊት ያልኩት ይነበብልኝ በል» እላለሁ። ቋንቋውን የማይችል ሰው ደግሞ አስተርጓሚ ይመደብልኝ ማለት ይችላል፤ ወጪው የመንግሥት እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል።

እናታችን በሁለተኛው ቀጠሮ ሲወጡ አዲሱን ግልባጭ ይዘው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። አፋን ኦሮሞ አይችሉም፤ ግን አንዷን ቃል ስደርስባት እጄን ያዙኝ።

«ጀበና አልክ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ። እዚህ ጋ ናት።»

«እስቲ ድገማት» አሉኝ።