ግንቦት ላይ 62 በመቶ የተባለው ማፋሰሻ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ሲሠራ በነበረ አንድ የጎርፍ ማፋሰሻ ፕሮጀክት ላይ የደረሰ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ተጠጋግተዋል።

ውሉ 48 ሚሊዮን ብር ነው። ሥራው 2,400 ሜትር የኮንክሪት ቱቦ፣ 60 ማንሆል (ቱቦው የሚፈተሽበትና የሚጸዳበት ጉድጓድ) እና ወደ ሐይቁ የሚያስወጣ አንድ መውጫ። የግንቦት ሪፖርት ለፕሮጀክት አስተዳደር ቢሮው ሲደርስ ፊዚካል (የሥራ) አፈጻጸም 62 በመቶ፣ ፋይናንሻል (የክፍያ) 50 በመቶ፣ አማካይ 56 በመቶ ይላል። እቅዱ 54 ስለነበር ፕሮጀክቱ በሪፖርቱ ላይ አረንጓዴ ተቀባ፤ በእቅዱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ሪፖርቱን የሚያጠናቅረው ባለሙያ አማካዩን ሲያይ ነው የተጠራጠረው። ደግም አደረገ፤ ሥራና ክፍያ ተደምረው ለሁለት የሚካፈሉ ነገሮች አይደሉም። ከተከፈለው 24 ሚሊዮን ብር ውስጥ 14.4 ሚሊዮኑ የቅድሚያ ክፍያ፣ ማለትም የውሉ 30 በመቶ ነው። ይህ ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ የሚመለስ ገንዘብ እንጂ የተሠራ ሥራ አይደለም። ሳይት ላይ ለተከመረ ቱቦ የተከፈለውም እንደዚያው።

ሳይት ወረደ። ፎርማኑ በኩራት፣ «ኢንጂነር፣ ቁፋሮው እኮ 1+500 ደርሷል» አለው፤ ከመነሻው 1,500ኛው ሜትር ማለቱ ነው።

«ቱቦውስ?»

«ቱቦው ዳር ዳሩን ተደርድሯል።»

0+600 ላይ የመጨረሻው ቱቦ አፉን ከፍቶ ይታያል። ከዚያ ወዲያ 900 ሜትር ባዶ ቦይ ነው። ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ከቦዩ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ውኃ የገባበት ዕለት ግድግዳው እንዳለ ይወርዳል።

62 በመቶው የመጣው የተቆፈረውን 1,500 ሜትር ለ2,400 በማካፈል ነበር። በሥራ ዝርዝሩ ዋጋ መሠረት ግን ቁፋሮ ከጠቅላላው 15 በመቶ ብቻ ነው። ቱቦ 45፣ ማንሆል 20፣ ሙሌት (ቱቦው ከገባ በኋላ ቦዩን መልሶ መሙላት) 12፣ መውጫው 8 በመቶ ይይዛሉ። በዚህ ክብደት ሲሰላ ቁፋሮው 9.4፣ ቦይ ውስጥ የገባው 600 ሜትር ቱቦ 11.25፣ ያለቁት 12 ማንሆሎች 4፣ የተሞላው 480 ሜትር 2.4 ነጥብ ሰጡ። መውጫው ዜሮ። ድምሩ 27 በመቶ ነው። እስከዚያ ቀን 25.9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሥራ መጠናቀቅ ሲኖርበት የተጠናቀቀው 13 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የተሠራው ለታቀደው ሲካፈል 0.5 ነው፤ ከ0.85 በታች ቀይ በሚባልበት ቢሮ ይህ ምንም አያከራክርም።

ተቋራጩ አልዋሸም። በየወሩ የሚጠየቀው «ስንት ሜትር ተቆፈረ?» ተብሎ ነበርና ኤክስካቫተሩን ወደፊት ነዳው፤ በዚያ ላይ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁሉም ቁጥር ይፈልጋል። የተሳሳተ መለኪያ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያበላሻል የምንለው ለዚህ ነው።

የከፋው ጉዳይ መውጫው ነበር። ጣና ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ያመጡት ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው። ስለዚህ መውጫ የሚገነባው ከክረምት በፊት ነው፤ ማፋሰሻም ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይቆፈርም። ግንቦት ላይ ደርቆ የታየው ቦይ ያዘናጋው ሰው ብዙ ነው። መውጫው በመቶኛ ሲታይ 8 ብቻ በመሆኑ ማንም አላየውም። በክብደት የተሰላ መቶኛም ቢሆን እንዲህ ያለውን ሥራ ይደብቃል፤ የማለቂያ ቀኑ ለብቻው በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።

ቱቦ በቀን 25 ሜትር ይገባ ነበር። ከባዱ ዝናብ እስኪመጣ የቀረው 20 የሥራ ቀን ገደማ ስለሆነ የሚደረስበት 500 ሜትር ነው። የቀረው 400 ሜትር ተመልሶ እንዲሞላ፣ ሌላ ቡድን ተደራጅቶ መውጫው ላይ እንዲገባ ተወሰነ። ከቦዩ ከፊሉ ግን ሳይደረስበት በሰኔ ዝናብ ተናደ።

ቢሮው የመለኪያ ደንቡን ቀየረ። ቁፋሮ ቱቦ እስኪገባበት ነጥብ የለውም፤ በዚህ ደንብ የግንቦቱ ውጤት 27 እንኳ አይሞላም፣ 21 ነው። የቱቦ ነጥብ 60 በመቶው ቦይ ውስጥ ገብቶ ሲጋጠም፣ 20 በመቶው ፍሳሹ ሲፈተሽ፣ 20 በመቶው ሲሞላ ይሰጣል። ክፍት ቦይ ከ60 ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ርዝመቱም በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረጋል። ልኬት በወሩ 25 ይዘጋል፤ ተቋራጩና ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ሳይት ላይ አብረው ለክተው የፈረሙበት ወረቀት ከሌለ ቁጥር አይገባም። በስልክ የተነገረ መቶኛ ፈጽሞ አይመዘገብም።

አንዳንዶች የተሠራውን ለተከፈለው አካፍለው የወጪ ብቃት አሳየን ይላሉ። ክፍያ በልኬትና በነጠላ ዋጋ በሆነበት ውል ይህ ለአሠሪው ብዙም አይናገርም። ወጪው የሚያድገው በመጠን መብለጥና በለውጥ ሥራ ነው፤ ስለዚህ በየአንዳንዱ ሥራ የውሉን መጠንና የሚጠበቀውን የመጨረሻ መጠን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል። እዚህም ተቋራጩ ተሞልቶ ዳግም ለሚቆፈረው 400 ሜትር ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። ጥያቄው የተመዘነው በጋራ በተፈረመው ልኬትና አማካሪው ባጸደቀው የሥራ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ ከቱቦ 900 ሜትር ቀድሞ መቆፈር የሚል ቃል አልነበረም።