የሴሚኖል ጥለት፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ገና ጨርቅ በመምረጥ ላይ ነበርኩ። ዛሬ አንድ ክንድ የሚሞላ ጥለት ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል።

በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የሚኖሩት፣ የሴሚኖል ነባር ሕዝብ ሴቶች የሚሠሩትን ጥለት ከሩቅ ያየ ሰው ትንንሽ ቁራጭ አንድ በአንድ ተለቅሞ የተሰፋ ይመስለዋል። እኔም እንዲያ መስሎኝ የመጀመሪያውን ሳምንት በከንቱ አሳልፌዋለሁ። አሠራሩ ሌላ ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ረጃጅም ቅዳጆች ጎን ለጎን ይሰፉና በካውያ ይተኮሳሉ፤ ከዚያ በወርዳቸው ይቆረጣሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስቱንም ቀለም ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ቁራጮቹን አንዱን ከሌላው ዝቅ እያደረጉ መልሶ መስፋት ነው። ቀዩ መስመር ደረጃ እየሠራ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

ያሳተኝ ልኩ ነው። ቅዳጆቹን 3 ሴንቲሜትር አድርጌ ቀደድኳቸው፤ ስፌቱ ግን በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ስለሚበላ የመካከለኛው ቀለም 1.8 ብቻ ሆኖ ቀረ። የምትጀምሩ ሰዎች ለስፌት የሚተወውን ከወዲሁ ጨምሩ። ሌላው፣ የጥለቱ ጫፍና ጫፍ ሲስተካከል ጠርዙ በሰያፍ ስለሚቆረጥ በቀላሉ ይለጠጣል። ካውያውን ሳትጎትቱ ከላይ ብቻ ተጫኑት።

መርፌው እረፍት ሲያገኝ ታሪካቸውን አነባለሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጆርጂያና ከአላባማ ወደ ፍሎሪዳ የወረዱ፣ ክሪክ የሚባል ነባር ሕዝብ ሰዎች ናቸው መሠረታቸው፤ ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮችም አጠገባቸው መንደር መሥርተው አብረዋቸው ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣው ሕግ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ሊያሰፍራቸው ሲመጣ ብዙዎቹ እምቢ አሉ፤ ከ1835 እስከ 1842 ድረስ ሁለተኛውን የሴሚኖል ጦርነት ተዋጉ። የጦር መሪያቸው ኦሲዮላ በ1837 የተያዘው ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ ለንግግር በመጣበት ነው። በጥር 1838 በእስር ላይ እያለ ሞተ። ይህን ባነበብኩበት ምሽት መስፋት አልቻልኩም። ሦስተኛው ጦርነት በ1858 ሲያበቃ በደቡብ ፍሎሪዳው የኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ።

ጥለቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው «ጥንታዊ» ሲለው የምከራከረውም ለዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቆዳና የወፍ ላባ እየሸጡ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ገዙ። ቺኪ በሚሉት፣ ግድግዳ በሌለውና በዘንባባ ቅጠል በተከደነው ቤታቸው ወለል ላይ ተቀምጠው ይሰፉበት ነበር። ቁራጭ የመገጣጠሙ ጥበብ የተስፋፋው በ1910ዎቹ ነው። ረግረጉ እየደረቀና የላባው ንግድ በሕግ እየተከለከለ ሲሄድ የወንዶቹ ገቢ ነጠፈ፤ በ1928 ረግረጉን የሚያቋርጠው የታማያሚ አውራ ጎዳና ተከፍቶ ጎብኚ ሲመጣ የሴቶቹ ስፌት ቤተሰቡን የሚደግፍ ሆነ። የስፌት መኪናው የፋብሪካ፣ ጨርቁ የሱቅ ነበር። ቀለሙን ከቀለም ያዋደደው ዓይን ግን የእነርሱ ነው።

ስለዚህ የምሰፋውን አልሸጥም። በቢግ ሳይፕረስና በብራይተን፣ በፍሎሪዳ ባሉት የሴሚኖል መኖሪያ ክልሎች፣ ዛሬም በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ እናቶች አሉ፤ መግዛት የሚፈልግ ከእነርሱ ይግዛ።

ለሚቀጥለው ወር «ዝናብ» የሚባለውን ጥለት ጀምሬያለሁ። ቅዳጆቹን ዛሬ ጠዋት ለካሁ፤ በዚህ ጊዜ 12 ሚሊሜትሩን ጨምሬ።